ከጣውላው ስድሳ ሚሊሜትር

ባለፈው ሳምንት፣ ዝናብ በጣለበት ማለዳ፣ የባቡር ጣቢያውን የእግረኛ ድልድይ ስሻገር መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከሰሜን የመጣው ባለ ሁለት ፎቅ ባቡር ከእግሬ ሥር ሊገባ ነበር። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተሰበሰበ፤ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ድረስም አልተነፈስኩም። ከኋላዬ ይመጣ የነበረ ወታደር ትልቅ ሻንጣውን እያስተካከለ፣ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ዞር ብሎ ሁለቴ አየኝና ወደ ደረጃው ሮጠ።

እኔ የቴክኖሎጂ መምህርት ነኝ። በዚያ ድልድይና በባቡሩ ጣሪያ መካከል በቂ ክፍተት እንዳለ አውቃለሁ፤ ለምን በቂ እንደሆነም ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስረዳለሁ። ሰውነቴ ግን ሥዕሉን አያምንም። ለምን እንደማያምን ለመናገር አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ክረምት። በዚህ አገር ክረምት የሚባለው ሐኑካ፣ የአይሁድ የመብራት በዓል፣ የሚውልበት የታኅሣሥ ወቅት ነው። ከተማችን ቤርሼቫ ላይ በመጀመሪያ ከምድረ በዳው ቢጫ አቧራ ይመጣል፣ ከዚያ ዝናቡ ይከተላል፣ መኪናው ሁሉ ጭቃ የተረጨበት ይመስላል።

ያን ጊዜ የምንኖረው እንደ አሁኑ ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ አውቶቡስ ይዤ ሽኩና ቤት ወደሚባለው ሌላ ሰፈር እሄድ ነበር፤ እዚያ አንድ ሚክላት አለ። ሚክላት በየሰፈሩ መሬት ውስጥ የተሠራ የሕዝብ መጠለያ ነው። በሰላሙ ጊዜ ባዶ እንዳይቀመጥ አንዱ ለጭፈራ፣ አንዱ ለቼዝ፣ አንዱ ለልብስ ስፌት ይሰጣል። ይህኛው የሞዴል ባቡር ለሚሠሩ ልጆች ክበብ ተሰጥቶ ነበር። አሥራ አራት ደረጃ ወርደው የብረቱን በር ሲያልፉ፣ ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላ የጣውላ ጠረጴዛ ያገኛሉ። ጠረጴዛው ላይ ከቤርሼቫ ወደ ሰሜን የሚሄደው የባቡር መስመር በትንሹ ተሠርቶ ተዘርግቷል፤ ኮረብታው፣ ደረቁ ወንዝ፣ የባሕር ዛፉ፣ ከጥፍር የማይበልጡ በጎች ሳይቀሩ። ክፍሉ የሙጫና የመንደሪን ልጣጭ ይሸታል።

የዚህ ሁሉ ባለቤት ሞሪስ ነበሩ። ከሰባ ያለፉ፣ በልጅነታቸው ከሞሮኮ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ብረት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁሉም «ሞሪስ» ብቻ ነበር የሚላቸው። በዕብራይስጥ አንቱታ የለም። እኔ ግን ስማቸውን እንዲሁ ባዶውን መጥራት አፌ ስለማይችል «አዶን ሞሪስ» እላቸዋለሁ፤ አቶ ሞሪስ እንደማለት ነው። እሳቸው ይናደዳሉ፤ «አዶን ያለው ባንክ ቤት ነው፣ እዚህ ሞሪስ ነው ያለው!» ይላሉ። በልቤ አንቱ እያልኩ ስለነበር የማወራቸው፣ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ድልድዩ የመጣው እንዲህ ነው። በሞዴሉ መሃል ጣቢያ አለ፤ ከሐዲዱ ወዲህና ወዲያ ትናንሽ የፕላስቲክ ሰዎች ቆመዋል። አንድ ቀን ሞሪስ ጎንበስ ብለው ሰዎቹን ሲያዩ ቆዩና፣ «እነዚህ ምስኪኖች ከፋሲካ ጀምሮ እዚህ ቆመዋል። ወደ ወዲያኛው መሻገሪያ የላቸውም። ማን ነው የሚያሻግራቸው?» አሉ።

ሊያና ወዲያው ወደ እኔ ጠቆመች። ሊያና እኩያዬ ናት፤ ቤታቸው የሚወራው ሩሲያኛ ነው፤ የሞዴሉ ኤሌክትሪክ በሙሉ በእሷ እጅ ነበር። «ያፊት ትሥራው» አለች። «እሷ እጇ አይንቀጠቀጥም። አፏም አይንቀሳቀስም።»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከስምንቱ የክበቡ ልጆች የመጨረሻዋ ገቢ እኔ ነበርኩ። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የመጡም እኔ ብቻ ነበርኩ። እስከዚያ ቀን የተሰጠኝ ሥራ ዛፍ መለጠፍ ነበር።

ሞሪስ ከመንደሪን ካርቶን ላይ ቁራጭ ቀደው በእርሳስ ጻፉልኝ። «የድልድዩ ከፍታ፦ ስድሳ ሚሊሜትር፣ ከጣውላው።» አነበብኩት፤ መልሼም አነበብኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፣ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ። ማንኛውም ልኬት መነሻ አለው። ስድሳ ሚሊሜትር ብቻውን ምንም አይደለም፤ ከየት ነው ስድሳ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። የሞዴል ባቡር ሐዲድ ጣውላው ላይ በቀጥታ አይቀመጥም። ከሥሩ የቡሽ ንጣፍ አለ፣ በላዩ የሐዲዱ ርብራብ፣ በዚያ ላይ ብረቱ። አንድ ላይ አሥር ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከጣውላው ስድሳ ማለት ከሐዲዱ ራስ ሃምሳ ብቻ ማለት ነው። ሞሪስ እቤታቸው የሚሠሩት ባለ ሁለት ፎቅ ፉርጎ ደግሞ ከሐዲዱ ራስ ሃምሳ ሦስት ነበር። ንድፉን ራሳቸው አሳይተውኛል። «ከፍታ ሁልጊዜ ከሐዲዱ ራስ ነው የሚለካው፣ በሕልምሽም አትርሺው» ያሉኝም ራሳቸው ናቸው።

ማለት የነበረብኝ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ከጣውላው?» ብል በቃ ነበር። አላልኩም።

አባቴ ያሳደገን በአንድ ሕግ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲሳሳት ጆሮ ይከፈታል እንጂ አፍ አይከፈትም። ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው የድሮ ጉዞ ሲያወሩ አንዱ የመንደሩን ስም ቢያምታታ፣ እዚያው መንደር የተወለደው አባቴ «እውነትዎን ነው» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ይህ ውሸት አይደለም። ያ ሰው በሰው ፊት እንዳያንስ ነው። እኔም የሞሪስን ካርቶን ይዤ «እሳቸው የሚያውቁት ነገር ይኖራል» አልኩ፤ ወደ ቤቴም ሄድኩ።

ድልድዩን ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አባቴ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የሚሠራው፤ ከካፍቴሪያው የቡና ማማሰያ እንጨቶች ለምኖ አመጣልኝ። እያንዳንዱን በምላጭ እየቆረጥኩ መርገጫ አደረግኳቸው፤ ከግራ ሃያ አራት፣ ከቀኝ ሃያ አራት፣ እያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል የሚወጣ። የእጅ መደገፊያውን ከነሐስ ሽቦ ሠራሁት። እናቴ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ተነጠቀች። «ሰው የማይወጣበት ደረጃ» ትላለች እያለፈች፣ ግን ስታልፍ እንዳትነካው ቀሚሷን ሰብስባ ነው።

ሲያልቅ ያምር ነበር። ያማረ መሆኑ ነው ያስጨነቀኝ። መጥፎ ቢሆን ሞሪስ ራሳቸው ያስፈርሱት ነበር።

ባስገባሁት ቀን ልጆቹ ሁሉ ከበቡት። ሙጫው ከደረቀ በኋላ ሞሪስ አሮጌውን ባለ አንድ ፎቅ ባቡር ለቀቁት። ከድልድዩ ሥር ገባ፣ ወጣ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሞሪስ «ዮፊ!» አሉ፤ ግሩም ማለታቸው ነው። ጣሪያውንና ድልድዩን የለየው ክፍተት የጥፍር ያህል ብቻ እንደነበረ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ባለ ሁለት ፎቁንስ አንሞክረውም?» አለች ሊያና።

«እሷ ሙሽራ ናት» አሉ ሞሪስ። «ሙሽራ ከሠርጉ በፊት አትታይም።»

ሠርግ ያሉት የሐኑካውን ዝግጅት ነበር። ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወላጆች፣ ጎረቤቶች፣ ሱፍጋኒያ ይዘው ይመጣሉ፤ ሱፍጋኒያ በበዓሉ የሚበላው በዘይት የተጠበሰ ባለ ማርማላታ ዳቦ ነው። ሞሪስ ሁለት ዓመት የለፉበት ፉርጎ፣ መስኮቱ አንድ በአንድ በእጅ የተቆረጠ፣ ውስጡ መብራት ያለው፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄዳል። ጣቢያው ያለው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነው። ከጠርዙ በታች አንድ ሜትር፣ ከዚያ ሲሚንቶ። ሌሊት ሌሊት ዓይኔን ስጨፍን የማየው እሱን ነበር፤ ጣሪያዋ ድልድዩን ይመታል፣ ትዘነብላለች፣ ትወድቃለች፣ ሰው ሁሉ ፊት።

ለመናገር ሞከርኩ። ሐሙስ ዕለት ሆን ብዬ ቀድሜ ሄድኩ። ሞሪስ ብቻቸውን ነበሩ፤ ሺባ የሚባለውን መራራ ቅጠል የጨመሩበት ሻይ ይጠጣሉ።

«አዶን ሞሪስ» አልኩ።

«ምን?»

«...ልጥረግ?»

«ትናንት ጠርገሻል።»

እንደገና ጠረግኩት።

ያን ቀን ሊያናን በቅናት ስመለከታት ዋልኩ። እሷ በየአምስት ደቂቃው «ሞሪስ፣ ተሳስተሃል! ቀዩ ሽቦ በግራ ነው!» ብላ ትጮሃለች። እሳቸው «አንቺ ሳትወለጂ እኔ ሽቦ አውቃለሁ!» ብለው ይጮሃሉ። ጥቂት ቆይተው ቀዩን ሽቦ ወደ ግራ ያዞሩታል፣ መንደሪን ይልጡና ግማሹን ለእሷ ይሰጧታል። ማንም አልተዋረደም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሊገባኝ አልቻለም። እኔ ብናገር ግን የሚሆነው ሌላ መሰለኝ፤ ሳልታረም ያደግኩ ልጅ እመስላለሁ፣ አለዚያም ሞሪስ ልጆቹ ፊት ያንሳሉ። ደግሞ ሌላም ፍርሃት ነበረኝ፤ ማንም የሚያስበው ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ነው። የካርቶኑ ቁራጭ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ማስረጃ ነው። ማስረጃ ይዤ መዞሬ ግን ይበልጥ አሳፈረኝ።

ዓርብ ማታ፣ የሰንበቱ ዳቦ ተቆርሶ ድርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። አባቴ አየኝ።

«አልበላሽም።»

በዕብራይስጥ «አልራበኝም» አልኩት። በቤታችን እሱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ እኛ በዕብራይስጥ እንመልሳለን፤ የለመድነው ነው። እሱም፣ «ልጄ፣ ይህ አማርኛ የሚፈልግ ነገር ይመስለኛል» አለ።

ነገርኩት። በተሰባበረ አማርኛዬ ስለ ሐዲዱ፣ ስለ ቡሹ፣ ስለ ሃምሳ ሦስቱ። ሳህን ገልብጬ፣ ቢላ አስደግፌ አሳየሁት።

«እና ነገርሻቸው?»

«አባዬ፣ ትልቅ ሰው ናቸው እኮ!»

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። «በል ስማ» አለችው። «የዘራኸውን እጨድ።»

አባቴ ፊቱ ላይ ኩራትና ሥጋት አብረው ታዩበት። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች ሲኳረፉ፣ ከየሽኩናው እየመጡ ለሽምግልና የሚወስዱት ሰው ነው። ዳቦውን ሸፈነና፣ «ለትልቅ ሰው ልጅ አይናገርም» አለ። «ሽማግሌ ይላካል። እሑድ ከሥራ ስወጣ እንሄዳለን።»

«ለድልድይ?»

«ለሦስት ሚሊሜትር ሰው ከሰው ይቆራረጣል። ሽማግሌ ሦስት መሆን ነበረበት፣ ሌሎቹ ግን ሥራ ላይ ናቸው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ላይ ተቀመጥን። አባቴ የበዓል ኮቱን ለብሶ፣ እናቴ የጋገረችውን ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዟል። ውጭ አቧራው ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ሕንፃዎች ጋርዷቸዋል። ከመንገድ ልመልሰው ሦስት ጊዜ አሰብኩ። አፈርኩበት፤ ማፈሬም አሳፈረኝ። «በኛ ወግ እንጂ በእነሱ ወግ ይህ የለም» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሱ ግን በከንፈሩ የሚናገረውን እያጠና ነበርና ተውኩት።

ሞሪስ ለነገው መብራት እያስተካከሉ ነበር። ሊያና ጠረጴዛው ሥር ተኝታ እግሯ ብቻ ይታያል። አባቴ የብረቱ በር ጋ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ። ሞሪስ ደስ ብሏቸው ወንበር አመጡ።

አባቴ አልተቀመጠም። ወጉ ነው፤ ለጉዳይ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ሞሪስ ወንበሩን አስጠጉለት። አባቴ በአክብሮት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አሁንም አስጠጉለት፤ አሁንም ወደ ኋላ አለ። ግድግዳው ጋ ደረሱ።

«ያፊት፣ ምንድን ነው?» አሉ ሞሪስ ፊታቸው እየተለወጠ። «ሰው ሞተ?»

«አልሞተም» አልኩ። «ሊናገር ነው።»

አባቴ በአማርኛ ጀመረ፣ እኔም ማስተርጎም። ለማስተርጎም አዲስ አልነበርኩም፤ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ክሊኒኩ ውስጥ የእናቴን ጉልበት፣ ባንኩ ውስጥ የአባቴን ፊርማ ሳስተረጉም ነው ያደግኩት። የዚያን ቀን ግን የማስተረጉመው የራሴን ጉዳይ ነበር።

«ልጄን እንደ ልጅዎ አድርገው ስላስተማሩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይ።»

አልኩ። ሞሪስ «እሺ፣ እሺ፣ ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ፤ ዓይናቸው ግን አሁንም ይጠይቃል።

«በአገራችን አንድ ጎበዝ አናጢ ነበረ በይ። ለሠርግ ዳስ ሠራ። ዳሱን ያየ ሁሉ አደነቀ። ሙሽራዋ ግን በበቅሎ ተቀምጣ፣ ከላይዋ ጥላ ተይዞላት ስትመጣ፣ የዳሱ በር አጠረ። ስህተቱ የአናጢው አልነበረም። የሙሽራዋም አልነበረም። የበቅሎዋ ነበር።»

ይህንን በዕብራይስጥ አስተረጎምኩ። ሞሪስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን ነው የሚያገባው?» አሉ። «አንቺ ነሽ? በአሥራ ስድስት ዓመት? ንገሪው፣ እኔ በሕይወቴ እያለሁ አይሆንም!»

ከጠረጴዛው ሥር የሊያና እግር ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቅ እያፈናት ነው።

አባቴ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ግራ ገባው፤ በቅሎዋን እንዴት እንደሚያብራራ ሲያስብ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ነገር በጀርባ አይሰማም። በቀጥታ በይልኝ። ድልድዩ አጥሯል በይ» አለ።

«አባቴ፣» አልኩ፣ «ድልድዩ አጥሯል ይላል።»

ሊያና ጠረጴዛው ሥር ሆና መሳቋን አቆመች።

«አባትሽ ድልድዩን የት አየው?» አሉ ሞሪስ።

«አላየውም። እኔ ነግሬው ነው።»

«አንቺ መቼ አወቅሽ?»

በዚያች ቅጽበት የማስተረጉምለት ሰው አልነበረም። አባቴ ዳቦውን ይዞ ያየኛል፣ ሞሪስ መነጽራቸውን ይዘው ያዩኛል። «የሰጡኝ ቀን» አልኩ። «ከጣውላው ብለው ጽፈዋል። ከሐዲዱ ራስ ነው መሆን የነበረበት። ሃምሳ ብቻ ነው። እሷ ሃምሳ ሦስት ናት።»

ሞሪስ ጥግ ላይ ካለው መደርደሪያ ለበዓሉ ከቤት ያመጡትን ጥጥ የተነጠፈበት ሣጥን አወረዱ፤ ሙሽራዋን አወጡ። ነጭና ሰማያዊ ነበረች፤ የመስኮቶቿ ጠርዝ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ሐዲዱ ላይ አስቀመጧት። በአንድ ጣት፣ ሕፃን እንደሚነካ ሰው፣ ገፏት። እኔ እጄን ከጠረጴዛው ጠርዝ በታች ዘረጋሁ፣ ብትወድቅ ልይዛት። ወደ ድልድዩ ቀረበች። ጣሪያዋ የድልድዩን ወገብ ሲነካ ጥፍር በእንጨት ላይ እንደሚንሸራተት ያለ ድምፅ ተሰማ። ጣታቸውን አነሱ።

ከዚያ ተቆጡ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «ሦስት ሳምንት!» አሉ። «ሦስት ሳምንት ሞኝ ሆኜ እንድዞር ተውሽኝ! እዚች ጠረጴዛ ዙሪያ ዮፊ፣ ዮፊ እያልኩ! እቤቴ ስሳሳት ሚስቴ ከወጥ ቤት ትጮሃለች፣ ልጆቼ በስልክ ይጮሃሉ፣ እዚህ ሊያና ትጮሃለች። አንቺ ምን አደረግኩሽና ነው ዝም ያልሽኝ?»

እኔ ዝም ያልኩት ላከብራቸው ነበር። እሳቸው የተሰማቸው ግን ብቻውን እንደተተወ ሰው ነው። ይህን ያን ጊዜ እንዲህ አጥርቼ አላሰብኩትም።

«ምን አሉ?» አለ አባቴ።

ማለዘብ እችል ነበር። አስተርጓሚ ልጆች ሁሉ እንደሚያደርጉት ብዙ ጊዜ አለዝቤያለሁ። ያን ቀን ግን ቃል በቃል ነገርኩት፤ ሞኝ የምትለዋንም ጭምር።

አባቴ አዳመጠ። «ጥፋቱ የእኔ ነው በላቸው— በያቸው» አለ፤ ምላሱ ተደናቀፈ። «ዝም በይ ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።»

ነገርኳቸው። ሞሪስ እጃቸውን አወናጨፉ። «ምን የእሱ ነው? ከጣውላው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ! ጥፋቱ የእኔ ነው በይው።»

«የለም፣ የእኔ ነው በያቸው።»

«የእኔ ነው አልኩ!»

እኔ መሃል ቆሜ አንዱን ጥፋት ወዲህና ወዲያ ሳመላልስ ሊያና ከጠረጴዛው ሥር ጭንቅላቷን አወጣች። «በቅሎዋስ?» አለች።

ሞሪስ ሳቁ፤ ሲስቁ አባቴ ሳይተረጎምለት ሳቀ። «እባክሽ፣» አሉ ሞሪስ፣ «ይህን ሰው በፈጣሪ ስም ይቀመጥ በይው።»

አባቴ ተቀመጠ።

ለመቀመጥ ግን ጊዜ አልነበረም። ዝግጅቱ በማግሥቱ ነው፤ ድልድዩ በአሥር ሚሊሜትር መነሳት አለበት። ሞሪስ በምላጭ ሙጫውን ቀስ እያሉ ሲፈለቅቁ እኔ ከእያንዳንዱ እግር ሥር የሚገባ እንጨት ቆረጥኩ። ደረጃዎቹ ደግሞ ከሥር አጠሩ፤ መጨመር አለባቸው።

«በየጎኑ አምስት መርገጫ» አሉ ሞሪስ።

አሥርን ለሁለት ተኩል አካፈልኩ። መናገር ነበረብኝ። አሁን ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀላል መሆን ነበረበት፤ አልነበረም። አፌ አልከፈት አለኝ። አራት ጣቶቼን አነሳሁላቸው። አዩኝና በረጅሙ ተነፈሱ። «እሺ፣ ለዛሬ በጣትም ይሁን» አሉ።

አዲሶቹ እግሮች እስኪይዙ ድረስ አንድ ሰው ድልድዩን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነበረበት። የእኔ እጅ፣ ሊያና የማይንቀጠቀጥ ያለችው እጄ፣ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ ኮቱን አወለቀና ያዘው። ግማሽ ሰዓት ሳይነቃነቅ፣ ሳያወራ፣ በሁለት ሁለት ጣት። ሞሪስ የሺባ ሻዩን ወደ አፉ እያስጠጉ አጠጡት፤ ዳቦውንም ቆርሰው አጎረሱት። ማጎረስ የኛ ወግ መሆኑን አያውቁም ነበር፤ እጁ ስለተያዘ ብቻ ነው።

ሰኞ ሚክላቱ ጢም አለ። የሕፃናት ጫጫታ፣ የዘይት ሽታ፣ የዱቄት ስኳር በየጠረጴዛው ጠርዝ። እናቴም መጥታ ነበር። የሚያስጨንቅ ነገር መኖር አልነበረበትም፤ ለክቼ፣ ደግሜ ለክቼ፣ ሊያናም ለክታ ነበር። ሆኖም ሞሪስ ሙሽራዋን ሲለቋት ዓይኔን ጨፈንኩ። የመንኮራኩሩን ድምፅ ሰማሁ፤ ኩርባውን ዞረ፣ ቀረበ፣ ድልድዩ ሥር ገብቶ ታፈነ። የዚያች ሰከንድ ርዝመት እስካሁን አልለቀቀኝም። ከዚያ ድምፁ እንደገና ጠራ፣ ሊያናም «አለፈች!» ብላ ጮኸች። ዓይኔን ስገልጥ ባለ መብራቶቹ መስኮቶች ወደ ኮረብታው እየሄዱ ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነው አሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚያ ቀን ሳስብ ራሴን እንደ ጀግና ላወራ አልችልም። የተናገርኩት አባቴ ስለመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል ከአፌ የወጣው በእሱ ስም ነው። እሱ ባይመጣ ሰኞ ዕለት ዝም ብዬ እቆም ነበር ብዬ እፈራለሁ፤ እጄን ከጠረጴዛው በታች ዘርግቼ። አባቴም ቢሆን ወጉን አልተወውም። አሁንም ሽማግሌ ሲሳሳት «እውነትዎን ነው» ይላል፣ እኔም ሲል ስሰማው ደስ ይለኛል። ዝምታ አክብሮት የሚሆንበት ቤት አለ፤ ሰውን ብቻውን ጥሎ መሄድ የሚሆንበትም ቤት አለ። እኔ በሁለቱም ቤቶች ውስጥ ነው የምኖረው፤ የትኛው ውስጥ እንደቆምኩ ለማወቅ አሁንም ጊዜ ይወስድብኛል።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ፣ በሥራም በዕድሜም ከሁላችን የሚበልጡት ምክትል ርዕሰ መምህርት የዓመቱን የጉዞ ቀን አነበቡ። ቀኑ የሲግድ በዓል ዕለት ነበር፤ እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን አይሁድ የምንጾምበትና የምንጸልይበት፣ ከእያንዳንዱ ክፍል ተማሪዎች አምስትና ስድስቱ ቤተሰባቸውን ይዘው ኢየሩሳሌም የሚወጡበት ቀን። በስብሰባው ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማስታወሻዬ ላይ ቀኑን እንዳሉት ጻፍኩት፣ በንጹሕ ፊደል፣ ከሥሩም አሰመርኩበት።

ቢሯቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ወዲያው ቀየሩት፣ ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ «እዚያው ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርሽም?» አሉኝ። ማስታወሻዬን አውጥቼ ያሰመርኩበትን ቀን ሰረዝኩት።

ወደ ቢሯቸው ለመሄድ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ሽማግሌ ግን አልላክሁም።